ለሣር ማጨጃዋ ስድስት ፓውዛ

ለአንዲት የሣር ማጨጃ ትራክተር ስድስት ፓውዛ የገጠመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ትራክተር ስላችሁ ደግሞ ያ እርሻ የሚያርሰው ግዙፉ እንዳይመስላችሁ። ከወገብ የማታልፍ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትጭን፣ ሆዷ ሥር ምላጭ የሚሽከረከርባት የግቢ ትራክተር ናት። ሣር ስለምትበላ የሆስፒታሉ ሠራተኞች «አንበጣዋ» ይሏታል። ነጂዋን፣ ታላቅ ወንድሜን ደግሞ «ፀጉር አስተካካዩ» ይሉት ነበር፤ የግቢውን ፀጉር የሚቆርጠው እሱ ነዋ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆርጧል። አሁን አይቆርጥም። ለምን እንደማይቆርጥ ልንገራችሁ፤ ብቻ በመሃል «አይዞህ» የሚለኝ ሰው አልፈልግም።

ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ስምንት ነበር። ትምህርቱን ጥሎ አካፋ ያዘና በሆስፒታሉ አትክልተኛ ሆኖ ገባ። እኔን አበላኝ፣ አለበሰኝ፣ ትምህርት ቤት ላከኝ፤ ትምህርቱ አልሆነኝ ሲል ደግሞ እጄን ይዞ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ አስገባኝ። የመጀመሪያዋን ቴስተሬን የገዛልኝ እሱ ነው፤ ያን ዓመት በተቀደደ ጫማ ከረመ። ዛሬ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የራሴ ጋራዥ አለኝ፣ ፀጉሬም ከግንባሬ ሸሽቷል። እሱ ግን ደንበኛ ፊት «ማሙሽ» ብሎ ይጠራኛል። ድሮ አፍር ነበር።

አንበጣዋ የመጣች ቀን ሌሎቹ አትክልተኞች ዙሪያዋን ቆመው ሲፈሯት እሱ ዘሎ ወጣባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ወንበር የሱ ሆነች። መስመሩ አይዛነፍም፤ ዓይኑ ውሃ ልክ ነበር። አንድ መስመር በጨረሰ ቁጥር ይወርድና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ያያል። ካልጣመው ይደግመዋል። አንዴ አንድ በሽተኛ በመስኮት አይቶት «አንተን ሳይ ቀኑ ያልፍልኛል» ብሎት፣ ይህችን ነገር ስንት ዓመት እንዳወራልን እኔ ነኝ የማውቀው። እትዬ፣ ሚስቱ፣ «ኧረ በፈጣሪ ያንን ሰውዬ ተወው፤ ድኖ ከወጣ አሥር ዓመቱ ነው!» ትለዋለች። እሱ ይስቅና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከዚያ አዲስ አስተዳዳሪ መጣ። ሰውየው የሞተር ድምፅ አይወድም። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በሥራ ቀን ግቢ ውስጥ ማጨጃ እንዳይሰማ» ብሎ ወረቀት ለጠፈ። ያ ሁሉ ሣር ሠራተኛ ሳይገባ መታጨድ አለበት ማለት ነው። ጋሼ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጀመር ግድ ሆነበት። በዚያ ሰዓት ደግሞ ገና አልነጋም። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ አንበጣዋን እየነዳ ጋራዤ ድረስ መጣ።

«ማሙሽ፣ የፊት መብራቷ ጭል ጭል ነው የሚለው። ሁለት ደህና ፓውዛ ግጠምልኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኩን ሲሰጠኝ የኖረ ሰው፣ እንካ ብለው የማይቀበለኝ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመነኝ። ያውም በእኔ ሙያ! ሌላውን ደንበኛ አስነስቼ የሱን ጀመርኩ። ከፋብሪካ የመጡትን ሁለቱን ሳልነካ ኮፈኑ ላይ ሁለት ፓውዛ አሰርኩ፤ ሽቦውን በፊውዝ አሳለፍኩ፤ ማብሪያውን እጁ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ አደረግሁለት። ከዚያ ሞከርኩት። እኛ ጋራዥ መብራት የሚሞከረው በግድግዳ ነው። ነጭ የተቀባ ግድግዳ አለኝ፤ መኪናው ፊቱን ወደዚያ ያዞራል፣ እኔ ከፊት ቆሜ አበራለሁ፣ ግድግዳው ላይ የወጣው ክብ ነጭና ጥርት ያለ ከሆነ አበቃ። ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት። አንበጣዋም ግድግዳውን ቦግ አደረገችው።

«ይኸው ጋሼ፣ ፀሐይ ገጠምኩልህ» አልኩት።

«እጅህ ይባረክ» አለኝ። የተመረቀውን እጄን እስከ ማታ ሳየው ዋልኩ። ሞኝ!

ወር ከምናምን ቆይቶ ተመለሰ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጧል፤ የአበባ መደብ ጥግም በልቷል። «ፊት ለፊቱ ደህና ነው» አለኝ፤ «ጎን ጎኑ ነው ጨለማ የሆነብኝ። አንድ በግራ አንድ በቀኝ አድርግልኝ።» አደረግሁለት። ግድግዳ ላይ ሞከርኩት፤ ቦግ አለ። ሁለት ወር አልሞላውም፣ እንደገና መጣ። አሁን ደግሞ የአግዳሚ ወንበር እግር ገጭቶ ኮፈኗ ተጣሟል። «ጎኑ አሁንም ጨለማ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚያበራ ብታደርግልኝስ?» ከወንበሩ ጀርባ ቧንቧ አስበየድኩ፤ አናቱ ላይ ሁለት ፓውዛ ሰቀልኩ። የሷ ዲናሞ እኮ ትንሽዬ ናት! ስድስት ፓውዛ መሸከም ሲያቅታት ባትሪዋ መንገድ ላይ ሞተባት፤ የስድስቱን ፓውዛ አምፖሎች በሙሉ በኤልኢዲ ቀየርኩ። ላቤ ጠብ እስኪል ሠራሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ታዲያ «ስድስት መብራት በርቶ እንዴት ጎኑ ይጨልማል?» አላልኩም። ባለሙያ ነኛ! ደንበኛ ደበዘዘብኝ ካለ ያው መብራቱ ነው፤ ሽቦ ነው፣ አምፖል ነው፣ ባትሪ ነው። ከዚያ ውጪ በሽታ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ስታዲየም ነው እንዴ የምታጭደው?» ብዬ ቀለድኩበት። ሠራተኞቼ በሳቅ ወደቁ። እሱም ሳቀ፤ አሁን ሳስበው ግን ከልቡ አልነበረም።

እትዬ ናት የነቃችው። አንድ ቀን ጋራዥ ድረስ በእግሯ መጣች፤ ወንበር ባቀርብላት አልቀመጥ አለች።

«ስማ» አለችኝ፣ «ወንድምህ ዓይኑን ታሟል።»

«ማን ነገረሽ እትዬ?»

«ማን ይነግረኛል? አብሬው አይደለም እንዴ የምኖረው? በር ሲገባ ትከሻው መቃኑን ይገጫል። ውሃ ከጎኑ ሳስቀምጥለት ይደፋዋል። በርጩማ ካስቀመጥኩበት ካነሳሁ ጠብ ነው። ትናንት የልጅ ልጁ በግራው ቆማ ‘አባባ’ ስትለው በቀኝ ነው የፈለጋት። አንተ መብራት እየጨመርክ አታታለው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰደው።»

«ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አርጅቷል በያ!» አልኳት እየሳቅሁ።

«ቀልድ» አለችኝ። «ቀልድ አንተ።» ፊቷን አዙራ ሄደች። ያቺን «ቀልድ» የሚለውን ቃሏን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ለነገሩ ጠይቄዋለሁ። በነጋታው ሄጄ፣ አንበጣዋን ከሚያሳድርባት መጋዘን ደጃፍ ላይ፣ «እትዬ ዓይንህን ነው የምትለው» አልኩት። ተቆጣ። ጋሼ እኔን ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መብራቱ ነው!» አለኝ። «ዓይኔማ ያቻት፣ የዚያችን ወፍ ጭራ ልቁጠርልህ?» ማዶ ሽቦ ላይ የተቀመጠች ወፍ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ያላየኋትን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ የት ልታሳየው ነው? የዓይን ክፍሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት ካርድ ባወጣ ከሰዓት አስተዳደር ቢሮ ይሰማል። የጄኔሬተሩን ሠራተኛ አላየኸውም? ጆሮው ደክሟል ብለው መጋዘን ደጃፍ አስቀመጡት፤ በዓመቱ ሞተ። እኔን ከዚያች ወንበር ያወረዱኝ ቀን ገድለውኛል ማለት ነው። መብራቱን ብቻ አስተካክልልኝ ማሙሽ፣ ሌላ ምንም አልልህም።»

ወፏን ስላየ አመንኩት። ማመንም ፈለግሁ። ሌላ ከተማ፣ ማንም የማያውቀው ዘንድ ልውሰድህ ማለት አቅቶኝ ነው? አላቅተኝም ነበር። ያን ጊዜ ግን በልቤ የማስበው ፓውዛዎቹን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ባደርጋቸው ምን ይሆን እያልኩ ነበር። ሄጄም አዘነበልኳቸው።

ነገሩ እያሳሳቀ ወሰደው። ወራት አለፉ፤ እሱም ብልሃት አበጀ። የአበባ መደቦቹን ዳር በነጭ ድንጋይ አስከበበ፤ ግቢው አማረ ተብሎ ተመሰገነ። መንገዱን በልቡ ይዞታል፤ ከመጋዘኑ እስከ መጀመሪያው ዛፍ ስንት እንደሚቆጥር፣ የት እንደሚታጠፍ ያውቃል። የማያውቀው በቦታው የማይቆመውን ነገር ብቻ ነው። ሰውን።

አንድ ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ስለሆነ ያ ወረቀት አይሠራም፤ ጋሼ በልብስ ማጠቢያው በኩል ያለውን ሣር በእኩለ ቀን ያጭድ ነበር። ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷ የአንሶላ ዘንቢል ተሸክማ በግራው በኩል መጣች። ያየኛል ብላ አልሮጠችም። ለምን ትሮጣለች? ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ሰውየው ደግሞ ሃያ ዓመት የምታውቀው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ጮኻ ዘለለች። እሷ ተረፈች፤ ዘንቢሉ ምላጩ ሥር ገባ። ነጭ የአንሶላ ቁርጥራጭ ሣሩ ላይ ተበተነ። ጋሼ ወርዶ ለቀመው አሉ። ሴትየዋ «ምን ሆነህ ነው? እያየኸኝ!» ስትለው መልቀሙን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ መጣ። ይህን ሁሉ አልነገረኝም፤ ኋላ ነው ከልብስ አጣቢዋ የሰማሁት። የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማሙሽ፣ የግራው ፓውዛ ደካማ ነው። አንድ ጨምርልኝ። ዛሬ ሰው ልገጭ ነበር።»

«መቼ?»

«ቅድም፤ ስድስት ሰዓት ላይ።»

እጄ ላይ ፒንሳ ነበር። «ስድስት ሰዓት? በቀን?» አልኩት።

ሰባተኛውን ፓውዛ ከካርቶኑ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ትቼው ከጋሼ በስተግራ ዞርኩና ፒንሳውን ወደ ፊቱ ዘረጋሁ። አልዞረም። አስጠጋሁት፤ አፍንጫው ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ እንኳ ግድግዳውን እያየ ነው። ወደ ፊት ሳመጣው ደንግጦ ራሱን ወደ ኋላ ሳበ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

ፒንሳውን አስቀምጬ እጁን ያዝኩት። እጄን ይዞ እዚህ ሙያ ያስገባኝ ሰው፣ እንደ ሕፃን ተጎትቶ ተከተለኝ።

እዚያው ሆስፒታል፣ የዓይን ክፍሉ ተረኛ ሐኪም ሴት ናት። ጋሼን ስታይ «ውይ! ሣር የሚያጭደው ሰውዬ! በየቀኑ በመስኮቴ ሥር ነው እኮ የሚያልፈው» አለች። መረመረችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን ጨብጣ እንደ ቧንቧ ዓይኗ ላይ አደረገችና እንዲህ ነው የሚያየው አለችኝ። የዓይን ግፊት ነው። አያምም፣ አይቀላም። ከዳር ከዳሩ እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። መሃሉ ስለሚታየው ሰውየው ደህና ነኝ ይላል፤ ሽቦ ላይ ያለች ወፍ ሳይቀር ያያል።

«መነጽር?» አለ ጋሼ።

«መነጽር አይረዳዎትም አባቴ። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን።» ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው የጀመረው?»

እኔ በወር መቁጠር አልቻልኩም፤ በፓውዛ ነው የቆጠርኩላት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የገጠምኩ ጊዜ... አላውቅም። የጎኖቹን ያስገጠመኝ ጊዜ ግን በእርግጠኝነት ጀምሮት ነበር። ሐኪሟ ግራ ገብቷት አየችኝ። አስረዳኋት። ከስንት ጊዜ በፊት ነው አለችኝ። ከአሥራ አንድ ወር በፊት።

«ያኔ ቢመጣ ጠብታ ብቻ ይበቃው ነበር» አለች።

ብቻ። ጠብታ ብቻ! በየጠዋቱና በየማታው አንድ አንድ ጠብታ። እኔ ስድስት ፓውዛ ስሰቅል፣ ቧንቧ ሳስበይድ፣ አምፖል ስቀይር፣ መድኃኒቱ እሱ በሚያጭደው ሣር ዳር፣ መስኮቱ ሥር በየቀኑ በሚያልፍበት ክፍል ውስጥ ነበር። ጋሼ ሊነሳ ብሎ ኮፍያውን ፈለገ። ጉልበቱ ላይ ነበር የተቀመጠው።

ቀዶ ጥገናውም ተሠራ። በዓመቱ ግራው ጭርሱን ጠፋ፤ ቀኙ ቀንና ሌሊት ለመለየት ያህል ቀረ። አስተዳደሩ መጋዘን ደጃፍ እንኳ አላስቀመጠውም፤ «ላገለገሉበት ዘመን» የሚል ወረቀት ሰጥቶ ሸኘው። ወረቀቱን እትዬ አነበበችለት። «መስመሩ ቀጥ ብሎ ነው የተጻፈው?» ብሎ ጠየቃት።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ የአንበጣዋ ነጂ ደወለልኝ። ድሮ የግቢው ቧንቧ ሠራተኛ የነበረ ነው። «ጌታው፣ እነዚህን መብራቶች መጥተህ ንቀልልኝ፤ ባትሪ ጨረሱብኝ» አለኝ። እንዴት ደሜ እንደፈላ! ያለነሱ በጨለማ እንዴት ልታጭድ ነው አልኩት። «ሁለቱ የፋብሪካዎቹ ይበቁኛል» አለኝ። ይበቁኛል! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳውን ሰው ያልበቁ አንተን ሊበቁህ? አሳይሃለሁ አልኩ በልቤ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እሱ ሥራ ሳይጀምር ደረስኩ። ስድስቱንም ፈታሁ፤ ሽቦውን ቆርጬ ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ከዚያ «ቆይ፣ እስቲ እኔ ልይ» ብዬ ወንበሩ ላይ ወጣሁ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ወጥቼባት አላውቅም። ሁልጊዜ ከፊቷ ቆሜ ግድግዳ ላይ ነበር የምሞክራት። ሁለቱን የፋብሪካ መብራቶች ብቻ አብርቼ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ነጫጮቹ ድንጋዮች በግራም በቀኝም ይታያሉ። የማጠጫው ጎማ ይታያል። የአግዳሚው እግር፣ ሥሩ የተኛች ድመት፣ ትናንት የታጨደውና ያልታጨደው ሣር ድንበሩ ሳይቀር ይታያል። ድሮም በቂ ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ሰውየው ምን ሆነህ ነው ቢለኝ አቧራ ነው አልኩት፤ በጤዛ አቧራ የለም።

ፓውዛዎቹን በጆንያ ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ጆንያው ሲንኳኳ ሰምቶ ፊቱን አዞረ።

«ማሙሽ? ነቀልካቸው?»

«ነቀልኳቸው ጋሼ።»

«በነዚያ በሁለቱ ብቻ ሊያጭድ?»

«አዎ።»

ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ያንቀሳቅስ ጀመር። እትዬ ከበሩ ብቅ ብላ ቆማለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«ወጥተህ ሞክረሃታል?» አለኝ። «እውነቱን ንገረኝ። ይታያል?»

እትዬን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

«አይታይም» አልኩት። «ድቅድቅ ጨለማ ነው ጋሼ። ምንም አይታይም።»

በረጅሙ ተነፈሰና ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለቀቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ፈታ ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

«ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ።

«ብለኸኝ ነበር» አልኩት።